እስከ አሥራ ስምንት ኪሎ

ሚስባህ በሚዛን ጣቢያው ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ሹፌር የነገረውን ክብደት አምኖ አያውቅም። ከኮምቦልቻ የሚወጣ ከባድ መኪና ጎማውን በብረቱ ሰሌዳ ላይ ሳያሳርፍ አያልፍም። ሚስባህ የጭነት ወረቀቱን ተቀብሎ በግንባሩ ይደፋዋል፤ በመጀመሪያ ከሚዛኑ የሚወጣውን ቁጥር ያነባል፤ ወረቀቱን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። "ወረቀት አይመዝንም" የሚላት ነገር በመስመሩ ሹፌሮች ዘንድ ታውቃለች። ዞር ሲል በእሱ ድምፅ እየደገሙ ይስቁባታል።

ደጉም ብዙ ጊዜ ሰምቷታል። ደጉ ሃያ ሁለት ዓመት ስንዴና ስሚንቶ ሲያመላልስ የሸበተ የኩታበር ሰው ነው። አንድ ማክሰኞ በመኪናው የኋላ እግር ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ትርፍ ተገኘበት።

"ዛሬን ብቻ እለፈኝ" አለው ደጉ። "ባሌስትራ ብረት ጨምሬበታለሁ፤ ጭነቱን ይችላል።"

"ባሌስትራው ቢችል ጎማው ይችላል? ሀረጎ ዳገት ላይ ሲፈነዳ ከሥርህ ለሚመጣው ሚኒባስ ምን ልትለው ነው፣ ጋሽ ደጉ?"

ደጉ ጆንያ ሲያወርድ፣ ትርፉን የሚጭንለት ሌላ መኪና ሲለምን፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ሚስባህ በመስኮቱ እያየው ምንም አልተሰማው። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑንም ያውቅ ነበር።

ሚስባህ ቤት ግን የልጅ ዕድሜና ክብደት እንዳለ አይነገርም። እናቱ ወይዘሮ ረሂማ "ልጅ እህል አይደለም፤ የተመዘነ ልጅ ይከሳል" ይላሉ። ጎረቤት ስለ ሚስባህ ልጅ "ሙና ስንት ዓመት ሆናት?" ካለ ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ተቀንሶ ይነገራል። "ከበደችኮ" ያለ ሰው መጀመሪያ "ማሻአላህ በል" ይባላል፤ ቀጥሎ "ምን ትከብዳለች፣ እህል መች ትቀምሳለች" ይታከልበታል። ሙና ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘነችው በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ስትወስድ ነው። ካርዷ ላይ ስምንት ኪሎ ተኩል ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም።

የመኪና ወንበሩን የገዛላት ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። ሰው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚሄድበት ሰፈር የሙና ወንበር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ሚስባህም ነገሩ ሲነሳ አይጠላም። በወንበሩ ጎን ሰማያዊ ተለጣፊ አለ። እስከ አሥራ ሦስት ኪሎ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ አሥራ ስምንት ኪሎ ደግሞ ወደ ፊት አዙሮ ይላል። ሚስባህ አንብቦ ረካ። ሰው ሲጠይቀው አንድ ሰሞን "አሥራ ሦስት ብትሆን ነው" ይል ነበር፤ ቆይቶ "አሥራ አራት" አለ፤ አሁን "አሥራ አምስት" ላይ ደርሷል። ለሰው ዓይን ተብሎ የተቀነሰው ቁጥር ውሎ አድሮ የራሱ እምነት ሆነ። የሹፌርን አፍ የማያምነው ሰው የራሱን አፍ አመነ።

ምልክቱ ጠፍቶ አይደለም። የወንበሩ ማሰሪያ የሚወጣበት የላይኛው ቀዳዳ ከልጅቷ ትከሻ በታች ቀርቷል። "አባ፣ ወደ ታች ይጎትተኛል" ስትለው ማሰሪያውን ያላላላታል። ሚስቱ ፋኢዛ ሁለተኛ ልጃቸውን ሙንዚርን የወለደች ሰሞን "ይኼ ወንበር ጠቧታል" ብላው ነበር። ሚስባህ መኪናው ድረስ ወስዶ ተለጣፊውን አነበበላት።

ደጉን ባቆመው በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ደሴ እህቱ ቤት ያደሩትን እናቱንና ሙናን ይዞ በአሮጌው ቪትዝ መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ ባጃጅ ከጎን ድንገት ገባበት። ፍሬን ያዘ። ሲነዳ የነበረው በዝግታ ነው፤ ባጃጁንም አልነካውም። ከኋላው ግን አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የሙና ልቅሶ።

የላላው ማሰሪያ ከሁለቱም ትከሻዋ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ወርዷል። ከወገቧ በላይ ወደ ፊት ተወርውራ ቅንድቧ አያቷ የተቀመጡበትን ወንበር የራስ መደገፊያ ብረት መትቷል። ደሙ ጉንጯን አልፎ ነጭ ሹራቧ ላይ ይወርዳል።

ሽቅብ ይመጣ የነበረ አንድ ከባድ መኪና ጥጉን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ የውሃ ጀሪካንና ፎጣ ይዞ መንገዱን ሲሻገር ሚስባህ አወቀው። ደጉ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ ባይሆን ምን ነበረበት።

"አይዞሽ የኔ እመቤት" አለ ደጉ፣ ሙናን ከወንበሩ መዝዞ እያወጣት። ቁስሉን አጠበ፤ አጎንብሶ አየ። "ዓይኗ ደህና ነው። ቅንድቧ ነው የተሰነጠቀው፤ ይሰፋል።" ፎጣውን ቁስሉ ላይ ይዞ ባዶውን ወንበር ተመለከተ። "ይኼ ወንበር ስንት ኪሎ ይይዛል?"

"እስከ አሥራ ስምንት" አለ ሚስባህ።

"እሷስ?"

ወይዘሮ ረሂማ ከልጃቸው ቀደሙ። "ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ልጄ። አጥንት ብቻ ናት።"

"አሥራ አምስት" አለ ሚስባህ።

ደጉ ሙናን በክንዱ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ አስተካከላት፤ ጆንያ ትከሻው ላይ የሚያደላድል ሰው እንደሚያደርገው። ወይዘሮ ረሂማን አየ፤ ሚስባህን አየ። "አሥራ አምስት። እሺ" አለና ልጅቷን ለአባቷ አቀበለ።

ሚስባህ ሲቀበላት ክንዱ ወደ ታች ሄደ። ክንዱ ከአፉ ይልቅ ያውቅ ኖሯል።

ኮምቦልቻ ክሊኒክ ውስጥ ሙና ሦስት ቦታ ተሰፋች። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች "የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ እሰጣታለሁ። ስንት ኪሎ ናት?" አለች።

ሚስባህ አፉን ከፈተ። አሥራ አምስት ምላሱ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለምዳለችና ልትወጣ ቸኩላለች።

"መድኃኒቱ በኪሎ ነው የሚሰጠው" አለች ነርሷ፣ ስለዘገየባት።

"አላውቅም" አለ። በጉዳዩ ላይ ሦስት ዓመት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ ቃሉ ነበር።

ወይዘሮ ረሂማ "ይመዝኗታል እንዴ?" ብለው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሙና ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሃያ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ነርሷ ጻፈች እንጂ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አያቷ ከሻሻቸው ሥር ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ይላሉ።

ሚስባህ ሳያስበው ቀነሰ፤ ሥራው ነውና። ትርፉ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነው። ወንበሩ ከሚፈቅደው አንድ አምስተኛ ሊሞላ ምን ቀረው? ደጉን ፀሐይ ላይ ያዋለው ትርፍ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም ነበር። ፊቱ ከጆሮው ጀምሮ ሲግል ተሰማው፤ ነርሷ እንዳታየው ጎንበስ ብሎ የሙናን ጫማ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ አሰረ።

ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ሰግዶ ሲያበቃ፣ ወንበሩን ከመኪናው ፈትቶ ግቢ ውስጥ አስቀመጠው። ሙናን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ለካ። የላይኛው ቀዳዳ ከትከሻዋ በሦስት ጣት ይወርዳል። የማሰሪያውን ጨርቅ ሲዘረጋው ደግሞ መቆለፊያው የነከሰባቸውን ቦታዎች አገኘ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ሁለት ጣት የሚርቁ አራት የደበዘዙ መስመሮች። እያንዳንዱ መስመር ልጅቷ "ይጎትተኛል" ያለችበትና እሱ ያላላበት ቀን ነው። ማስረጃው በእጁ ሲያልፍ ነበር፤ በራሱ እጅ የተጻፈ።

እናቱ በርጩማ ይዘው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሚስባህ" አሉ። "አትመዝኑ ያልኩ እኔ ነኝ። ለሰውም እንደዚያው በል።"

ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቀለለው። እናቱ ጥፋቱን ሲያነሱለት ትከሻው ሲቀል ታወቀው። ያ መቅለል ግን ከቁጥሩ የበለጠ አሳፈረው።

"አይደለም እማዬ። አንቺ ለልጅቷ ፈርተሽ ነው። እኔ ሳልመዝን የመዘነ ሰው ሆኜ ተናገርኩ።"

ፋኢዛ ሙንዚርን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማለች። ወንበሩን አየች፤ የሙናን ፋሻ አየች። "ያኔ ጠቧታል ስልህ ተለጣፊውን አነበብክልኝ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "እኔ ደግሞ እሷን እይልኝ ማለቴ ነበር።"



ሰኞ ሙንዚር ክሊኒክ ተወስዶ ተመዘነ፤ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ። ወይዘሮ ረሂማ አልከለከሉም፤ አብረውም አልሄዱም። አሮጌው ወንበር ማሰሪያው ወደ ታችኛው ቀዳዳ ወርዶ፣ ፊቱም ወደ ኋላ ዞሮ የሙንዚር ሆነ። ለሙና ግን የሚሆናት አልነበረም፤ ሐሙስ እረፍት ወስዶ እሷኑ ይዞ ደሴ ወጣ።

የልጆች ዕቃ የሚሸጠው ዘይኑልአቢዲን ገና ሲገቡ "ስንት ዓመቷ ነው?" አለ።

"አምስት ተኩል። ሃያ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።"

"ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ሰው ይሰማሃል" አለ ባለሱቁ፣ ወደ በሩ እያየ። ከመደርደሪያው ልጅን ከፍ የሚያደርግ፣ መደገፊያ የሌለው መቀመጫ አወረደ። "ይኸው። እስከ አሥር ዓመቷ ታድግበታለች።"

"ዛሬ ልክ የሚሆናትን ነው የምፈልገው። መኪናው ውስጥ ልሞክረው።"

"ወንበር ነው ወንድሜ፣ ጫማ አይደለም።"

"ጫማ ቢሆን ሳታስለካኝ ትሸጥልኝ ነበር?"

ዘይኑልአቢዲን እየተነጫነጨ መኪናው ድረስ ወጣ። መደገፊያ የሌለው ላይ ስትቀመጥ የመኪናው ቀበቶ አንገቷን ነካት። ሚስባህ መለሰው። ሁለተኛው ጀርባና የራስ ድጋፍ ያለው፣ ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ስድስት ኪሎ የሚል ነው። ሚስባህ ቁጥሩን አነበበ፤ አንብቦ ግን አልቆመም። ቀበቶውን በትከሻዋ መሐል አሳለፈው። የቀበቶው የታችኛው ክፍል ሆዷ ላይ ሳይሆን ጭኗ ላይ መተኛቱን በጣቱ ተከትሎ አረጋገጠ። ጉልበቷ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ መታጠፉን አየ። በመጨረሻም እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"የት ይነካሻል?"

ሙና አሰበች። "እዚህ" አለች ትከሻዋን እያሳየች። "ግን አይጎትትም።"

ባለሱቁ ሰዓቱን አየ። ሚስባህ ወደ ፊት እንድትጎነበስ፣ ወደ ጎን እንድትዞር፣ የተኛች እንድትመስል አደረጋትና እንደገና ለካ። ከዚያ በኋላ ነው የገዛው።

ደጉ በማግስቱ አርብ ጠዋት ወደ ሚዛኑ መጣ። ሚስባህ ወረቀቱን ተቀብሎ ደፋው፤ ቁጥሩን አነበበ። ከተፈቀደው መቶ ሃያ ኪሎ ይጎድላል። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መትቶ በመስኮቱ ሲመልስለት ደጉ ከጋቢናው ዘንበል አለ።

"ልጅቷስ?"

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ክሩ ወጥቶላታል።"

"ተመስገን።" ደጉ ማርሹን ያዘ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ከኋላ ሦስት መኪና ቆሟል፤ ከጠረጴዛው ማዶም ሁለት ባልደረቦቹ ተቀምጠዋል። ሚስባህ ከወንበሩ ተነስቶ ወጣና በጋቢናው በር ሥር ቆመ።

"ጋሽ ደጉ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ነበረች። አሥራ አምስት ያልኩህ ውሸት ነው። መዝኛትም አላውቅም ነበር።"

ደጉ ማርሹን ለቀቀ። ለመሳቅ የፈለገ መሰለ፤ አልሳቀም።

"ሳነሳት አውቄያለሁ" አለ። "የሃያ ሁለት ዓመት ተሸካሚ ነኝኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እኔ አንተን ዝም አላልኩህም ነበር።"

"እናትህ ቆመው ነበራ" አለ ደጉ። "ሰው በእናቱ ፊት ይመዘናል?"

ሚስባህ መሬት መሬቱን አየ። ያን ማክሰኞ ደጉ ጆንያ ሲያወርድ የከበቡትን፣ በሚስባህ ድምፅ "ወረቀት አይመዝንም" እያሉ ሲያላግጡበት የነበሩትን ሹፌሮች አስታወሰ። ማቆሙ ልክ ነበር። በመስኮት ቁጭ ብሎ እንደዚያ ማየቱ ግን ልክ አልነበረም።

ከኋላ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ደጉ ሞተሩን አስነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ተመለሰ።

"ሃያ አንድ ከአራት መቶ ብለህ እንዲሁ ትተዋታለህ እንዴ? ማሻአላህ በል እንጂ፤ የሰው ዓይን አለ።"

"ማሻአላህ" አለ ሚስባህ።

መኪናው ከሰሌዳው ወረደ፤ የሚዛኑ መስታወት ላይ ያለው ቁጥርም ወደ ዜሮ ተመለሰ። ሚስባህ ወደ ውስጥ ሲገባ ባልደረቦቹ ቀና ብለው አዩት። ሰምተዋል። ተቀመጠና የቀጣዩን ሹፌር ወረቀት ተቀበለ።