የሽምግልናው መለኪያ

ገነነ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በነበረ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚረግጠው ደጅ የኔን ነበር። ቢሮው ሳይገባ ዶሮ ማነቂያ ወርዶ፣ ባንኮኒዬ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ «ሸዋረጋ፣ አፍ ማሟሻ» ይለኛል። ዳግም አረቄ እቀዳለታለሁ። ያኔ ፊት ለፊቱ «እርስዎ» እለው ነበር፤ አሁን የሚያስገድደኝ ስለሌለ «እሱ» ነው የምለው። የፍርድ ሸንጎው ዳኞችም ተከትለውት ይመጣሉ። እነሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ታቅፈው ነው ችሎት የሚቀመጡት። ጉንጫቸውን ወጥረው ለስንቱ ሰው ስድስት ወር፣ ዓመት እያሉ ሲፈርዱ ኖረዋል። ማን ምን አላቸው? አረቄው የኔ፣ ጫቱ አትክልት ተራ ከሚነግደው ከጎረቤቴ ከኑሪ፣ ፈቃዱ የራሱ የቀበሌው።

ወንድሜ ዕዝራ አንድ እግሩን ኦጋዴን ትቶ ተመለሰ። በመጣ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ አረቄ ጋበዘው። «ጀግና ነው፣ ይጠጣ» ተባለ። ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ እንኳ አንስተው፣ «አይዞህ ጀግናው» እያሉ ደጋግፈው ያመጡልኛል። እንዲህ ሲል ከርሞ አንድ ጠዋት ደም አስታወከ። ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ ዓይኑን ገልቦ አየና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። «ጉበቱ አልቋል» አለኝ። «ከእንግዲህ አረቄ ከቀመሰ ደሙ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ እኛም አናድነውም።»

ዕዝራ እሺ አለ፣ አቆመ። አረቄው ሲቀር ግን የተቆረጠው እግሩ መጣበት። የሌለ እግር እንዴት ያማል እንዳትሉኝ፤ እኔም ብዬው ነበር። ጓሮ ካለችው ክፍሉ ሆኖ ሲጮህ ደንበኞቼ መለኪያቸውን አስቀምጠው ይወጣሉ። አብሮት የዘመተ አንድ የሻሸመኔ ሰው ሊጠይቀው መጣና ትንሽ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ዕዝራ ትንሽ ያጨሳል፣ ዝም ይላል፣ ያንቀላፋል። ማንንም አልሰደበ፣ ማንንም አልመታ። ሐሺሽ መሆኑን አልሳትኩም። ወንድሜ እንቅልፍ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ምንም አላልኩም።

ጢሱ ለጎረቤቴ ለምብራት ሸተታት። ምብራት ባሏ እኔ ቤት ጠጥቶ ገብቶ ፊቷን ሲያሳብጣት፣ «ምን ይደረግ፣ ጠጥቶ እኮ ነው» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ የምትውል ሴት ናት። የዕዝራን ጢስ ግን «ልጆቼን ያበላሽብኛል» ብላ ቀበሌ ሄደች።

ገነነ ራሱ ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር መጣ። ከኔው ባንኮኒ ተነስቶ ነው ወደ ጓሮ የዞረው፤ አፉ ገና አረቄ ይሸታል። ዕዝራን ከነክራንቹ ጎትተው ሲያወጡት፣ «ሐሺሻም!» አለው። ዕዝራ ቆመ። እግሩን ትቶ መጣ እንጂ ምላሱን ትቶ አልመጣም። «አንተ ማለዳ ያለ አረቄ ዓይንህ የማይገለጥ ሰካራም፣ እኔን ነው ሐሺሻም የምትለው?» አለው፣ ጠባቂዎቹ ሁሉ እየሰሙ። አንደኛው ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ገነነ ዞሮ አየው፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ። ዕዝራን ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዱት።

ከቀበሌያችን እስር ቤት ሰው የሚወጣው ወይ ወደ ቤቱ፣ ወይ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ነበር። ወደ ከፍተኛ የተላኩ ልጆቻቸው ልብስ ብቻ የተመለሰላቸው እናቶች በሰፈራችን አሉ። ለቅሶ መቀመጥም አይፈቀድላቸውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገነነ ዓይኑን በጨው አጥቦ ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ። ቀዳሁለት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ በሽተኛ ነው» አልኩት።

«በሽተኛ አይደለም፤ የኢምፔሪያሊስት መርዝ የሚያጨስ ነው። ትውልዱን የሚያደነዝዘው ይሄ ነው» አለኝና ባዶውን መለኪያ ወደኔ ገፋው። «ድገሚኝ።»

ደገምኩት።

«ቅዳሜ ወደ ከፍተኛ ይተላለፋል» አለኝ፤ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወጣ።

ደሜ ፈላ፣ ግን የኔ ደም ቢፈላ ማንን ያቃጥላል? ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አባባ ገብረአምላክ ሮጥኩ። አባባ ገብረአምላክ ከሥላሴ ደጅ የማይለዩ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያስታረቁ፣ ውሸት በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው። ኑሪን አስከትለው ቀበሌ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ እግዜር ይመስገን፣ ነገሩ የሐሺሽ አይደለም። የስድቡ ነው ያንገበገበው» አሉኝ። «እሺ ብሏል። ዕዝራ ይቅርታ ይጠይቀው፣ እሱም ይቅር ይበለው፣ እዚሁ አንቺ ቤት አብረው ይጠጡ። ከዚያ ወደ ቤቱ ነው።»

«ምን አሉኝ አባባ? ይጠጡ?»

«‹ሐሺሹን ትቶ እንደ ሰው ሲጠጣ ልየው› ነው ያለው» አለ ኑሪ መሬት መሬት እያየ።

ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው። አባባ ገብረአምላክ አዘኑ፤ ግን ዕርቅ ያለ መለኪያ ዕርቅ አይባልም። «አንዲት መለኪያ ናት፣ ፈጣሪ ይጠብቀዋል» አሉኝ። አዘንኩባቸው። ሐሺሽ ቢሆን ኖሮ አንዲት ናት ይሉኝ ነበር?

ያን ቀን ሳስብ ዋልኩ። የኔ ዳግም አረቄ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ መለኪያ ውስጥ ሲቀመጥ ከውኃ የሚለየው ሽታው ብቻ ነው። የዕዝራን መለኪያ ከጓዳ ውኃ ሞልቼ፣ ጠርዙን አረቄ ቀብቼ ባቀርብለትስ? ለአባባ ገብረአምላክ አልተነፈስኩም፤ ካወቁ ሽምግልናውን ትተው ይሄዳሉ። ለዕዝራ ብቻ፣ እስር ቤት ምሳ ስወስድለት፣ ጆሮው ስር ነገርኩት። ፈገግ አለ። «አንቺ አረቄ ስትበርዢ ይሄ የመጀመሪያሽ ነው?» አለኝ። ቀልዱ አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴን ለደንበኛ ዘጋሁ። ጠባቂዎቹ ዕዝራን አምጥተው በር ላይ ቆሙ። ገነነ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠ። ማንም ሽጉጡን ያየ አልመሰለም። ዕዝራ በክራንቹ ተደግፎ ጎንበስ አለና፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ገነነ አቀፈው። አባባ ገብረአምላክ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

መለኪያዎቹን በሰርቢስ አመጣሁ። የዕዝራን በፊቱ፣ የገነነን በፊቱ አኖርኩ። መለኪያዎቹን አላምታታሁም፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

ለኑሪ ልቀዳ ስል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ በሃይማኖቴ...»

«አንተማ ሃይማኖት አለህ፣ ተወው» አለው ገነነ በፈገግታ። «ጫትህን ቃም።»

ኑሪ ቀና አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕዝራንም ሐኪም ከልክሎታል አሉ። ለሱም ለስላሳ ብናደርግለት?»

«ሐሺሹን ሐኪም ነው ያዘዘለት?» አለ ገነነ። ጠባቂዎቹ ሳቁ፤ ዛሬ መሳቅ ይቻል ነበር።

መለኪያ ተነሳ። ዕዝራ ውኃውን ወደ አፉ ሊያስጠጋ አንድ ጣት ሲቀረው አባባ ገብረአምላክ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ፣ ቆዩ። በኔ አገር ልማድ ታራቂዎች መለኪያ ይለዋወጣሉ። አንዱ ለሌላው ክፉ እንዳላሰበ የሚታወቀው በዚያ ነው» አሉና፣ በገዛ እጃቸው፣ ደስ እያላቸው፣ የዕዝራን ለገነነ፣ የገነነን ለዕዝራ ሰጡ።

ባንኮኒውን ያዝኩ። ጮኼ መለኪያውን ልጥለው? ምን ብዬ? ገነነ እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ አንገቱን ሲመልስ እንደ ሌላው ጊዜ ፊቱን አላኮማተረም። ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ። ጠረጴዛውን አላየ፣ ዕዝራን አላየ፤ እኔን አየኝ። አስተያየቱ የቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩ አረቄ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠጣ እንጂ፣ ጀግናው።»

ዕዝራም አይቶታል። ወንድሜ ሞኝ አልነበረም። እምቢ ቢል ውኃው ይወጣል፤ ሊቀመንበር ያታለለች አረቄ ሻጭ ከነወንድሟ የት እንደምትሄድ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ወደኔ ዞሮ «ተዪ» በሚል ዓይን አየኝና ጠጣው። እንደ ሕፃን አሳለው።

«ጠርሙሱን አምጪው» አለኝ ገነነ። «ዛሬ አስተናጋጁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ራሱ ቀዳለት። አንዱን ለአብዮቱ፣ አንዱን ለሠራዊቱ፣ አንዱን ለተቆረጠው እግር እያለ፤ በያንዳንዱ ላይ የራሱንም ከዚያው ጠርሙስ እየቀዳ፣ መጀመሪያ እያሸተተ። አባባ ገብረአምላክ፣ «ልጆቼ፣ ይበቃል፣ ዕርቁ ወርዷል» ማለት ሲጀምሩ ገነነ እጁን ሽጉጡ አጠገብ አሳረፈ፤ አልነካውም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ገነነ ተነስቶ የዕዝራን ግንባር ሳመ። «ነፃ ነህ» አለው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ደሙ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ የማያባራ። ኑሪ የአትክልት ጋሪ አምጥቶ ጫነው። ፒያሳን ሳናልፍ እጁ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሰው ከሲኒማ ወጥቶ በዳር በዳር ይሄድ ነበር፤ እኔ መሐል አስፋልት ላይ ቁጭ አልኩ።

ለዕዝራ ድንኳን ተፈቀደልኝ። በአረቄ የሞተን ሰው ማልቀስ ማን ይከለክላል? ምብራት መጥታ ደረቷን መታች፤ «ወይኔ፣ እንዲያው የኛ ሰው መጠጥ ሲወድ» አለች። ሌሎቹም እንዲያው አሉ። አባባ ገብረአምላክ ጥግ ተቀምጠው ቀና ብለው አላዩኝም። እሳቸው ላይ እንኳ ልቤ አልጨከነም።

ገነነ ጥቁር ከረቫት አስሮ ከዳኞቹ ጋር መጣ። ሰው ሁሉ ተነሳለት። መሐል ቆሞ፣ «ጓድ ዕዝራ ሐሺሽን ድል አድርጎ፣ እንደ ወንድ ጠጥቶ፣ ንጹህ ሆኖ አልፏል» አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከዳኞቹ ጋር ተቀመጠ። ለቀስተኛ ይስተናገዳል፤ ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩና እንደ ሁልጊዜው ቀዳሁለት።

መለኪያውን አነሳ። አሸተተው። ጨለጠውና ፊቱን አኮማተረ።

«ይሄኛው አረቄ ነው» አለኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ዝቅ አድርጎ። «ድገሚኝ።»