የሽማግሌው ኢሜይል

ሉሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሚድ ዊልሻየር በሚባል ሰፈር ብቻዋን የምትኖር፣ ያለ ደላላና ያለ ኤጀንሲ ራሷን ችላ የምትሠራ ኤስኮርት ነበረች። ወንዶች ከእሷ ጋር ለሚያሳልፉት ሰዓት ይከፍሏታል። ስለ ደንበኞቿ ግን ከአፏ የሚወጣ ወሬ የለም። የምትጻጻፈው ለዚሁ ብቻ በከፈተችው ኢሜይል ነው። ስልክ አትቀበልም፣ እውነተኛ ስም አትጠይቅም፣ የተጻፈላትን በሳምንቱ ታጠፋለች። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቤተሰብ አድራሻ እንዳይጽፉላትም አጥብቃ ታስጠነቅቃለች።

ይህን ሦስት ጊዜ የነገረቻቸው አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ዴቪድ ስላሏት ጋሽ ዴቪድ ትላቸዋለች። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ «ሐሙስ ከሰዓት ብትመጪ ይመቸኛል። ሰማያዊው ይሁን፤ ቀዩ በጣም ስስ ነው» የሚል መልእክት ደረሳት። የሚያወሩት ስለ ቀሚሷ ነው፤ ጋሽ ዴቪድ መሆናቸው ወዲያው ገባት። ከሥሩ ግን «ብርሃነመስቀል፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ» የሚል ፊርማና የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስም ነበረበት። አድራሻውን ሉሊት ታውቀዋለች፤ «የጸሎት ጥያቄዎን ይላኩልን» ተብሎ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በየሐበሻው ሱቅ መስታወት ተለጥፏል። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ይህን የኢሜይል ሳጥን የሚከፍተው ስንት ሰው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ዝም ብትል መልእክቱ እዚያው ተቀምጦ ይነበባል። ደውላ እንዳታስጠነቅቃቸው ስልካቸው የላትም። ትንሽ አሰበችና መለሰች፦ «ስለ መጋረጃው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ሰማያዊውን ጨርቅ ይዤ ሐሙስ ለመለካት እመጣለሁ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ፤ ከእሳቸው ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ ከዶርቃ። የመድረኩ መጋረጃ ከተቀደደ ሁለት ዓመት እንደሆነውና ጋሽ ብርሃነመስቀል ለማንም ሳይናገሩ ይህን ማሰባቸው እንዳስደሰታት ጽፋለች።

መርፌ ይዛ የማታውቀው ሉሊት፣ ቫን ናይስ ሰፈር ልብስ የምትሰፋውን ጓደኛዋን ወሰንየለሽን ለምና ሐሙስ ሜትር ይዘው ሄዱ። ጋሽ ብርሃነመስቀል መሰላል እንዲይዙ ተደርገው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዶርቃ «እኚህ ሰው የሚሠሩትን ዝም ብለው ነው የሚሠሩት» እያለች ስታመሰግናቸው መሰላሉን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ሲጨርሱ ዶርቃ ሉሊትን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«ኢሜይልሽ ግርጌ ላይ በሰባት ቀን ይጠፋል ይላል። መጋረጃ ምን ምስጢር አለው?»

ሉሊት መስመሩን ማውጣት ረስታ ነበር። «ሰው ቤት እንገባለን» አለች። «ያየነውን ይዘን አንወጣም።»

ዶርቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ችግራቸውን ነገረቻት። ሰው ስለ በሽታው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀቱ እንዲጸለይለት ይጽፋል፤ ሳጥኑን ስድስት ሰው ይከፍተዋል፤ እሑድ ሲደርስ ወሬው ሬስቶራንት ገብቷል። አሁን የሚጽፍ ጠፍቷል። «ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ ብታሳዪን» ብላ ለመነቻት።

ሉሊት ልታመልጥ ሞከረች፤ አልተሳካላትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአገልጋዮቹ ሁሉ አስተማረች፦ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ አድራሻ፣ የማይጋሩት ፓስወርድ፣ ከመላክ በፊት ከየትኛው አድራሻ እንደሆነ ማየት። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከፊት ተቀምጠው በማስታወሻ ደብተራቸው ይጽፉ ነበር። ፓስተር ተፈሪ እንዲህ ያለ ታማኝነት ከየት እንደተማረች ሲጠይቋት ከሥራዋ እንደሆነ ነገረቻቸው። «አሜን» አሉ።

ሲበተኑ ጋሽ ብርሃነመስቀል ፓርኪንጉ ድረስ ሸኟት።

«በአዲስ አድራሻ ልጽፍልሽ?»

«ጋሼ፣ አሁን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ» አለቻቸው። «ስምዎን ካወቅሁ በኋላ አልችልም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናዋ ኦሎምፒክ ጎዳና ላይ እስክትታጠፍ ድረስ ቆመው አዩ። እሷም ሐዘናቸው ገብቷት መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ ሳትከፍት ነዳች።

አዲሱ ሳጥን በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሰባት የጸሎት ጥያቄ ተቀበለ። ፓስወርዱ ያለው ፓስተሩ ዘንድ ብቻ ነው። አንዱ የጋሽ ብርሃነመስቀል ነበር፤ ፓስተር ተፈሪ አንብበውት ረጅም ሰዓት ጸለዩና አጠፉት።