ለባላጋራዋ የሰጠችው ወረቀት

...ለማን ቆመህ ነበር ነው የሚሉት ሁሉም፣ ለማን፣ ለማን፣ እንዴት ቆመህ ነበር የሚል አንድ ሰው አልሰማችም፣ ከጠዋት ጀምራ እዚህ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ፣ ልጇ የጻፈችላትን ወረቀት ቦርሳው ላይ፣ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ እጇ ያልባታል፣ ጌታዬ ሆይ ቀለሙን እንዳታበላሸው። አሁን ስለ ሹመቱ አስተያየት የሚሰጠው አምስተኛው ነው። እሷ ሰባተኛ ናት።

አምስተኛው ከረባት ያሰረ ወጣት ነው፣ በጣቱ ይቆጥራል፣ ለሹመት የታጨው ጠበቃ የግል ቢሮ ሳለው የቆመላቸውን አንድ በአንድ ይጠራል፣ የማቅለሚያ ፋብሪካውን፣ የሲሚንቶ ነጋዴውን፣ ተከራዮቹን በዝናብ ያስወጣውን ባለ ሕንፃ፣ እንግዲህ ይህ ሰው ነው ነገ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሕዝብን ጉዳይ የሚይዘው? ደንበኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ፣ አለ፣ አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃው አልሳቀም። አልተቆጣምም። ከኮሚቴው ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ ሰጥተውት ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል፣ የሚሉትን ሁሉ ይጽፋል፣ ስድቡንም። ፀጉሩ ሸብቷል። ያኔ ጥቁር ነበር፣ እሷም ያኔ ጉልበት ነበራት፣ ልጇም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ወይ ጉድ እንዴት ወፍሯል፣ አለች በግራዋ የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ሰፈሩ ሬዲዮ የሚላት፣ የሰው ወሬ ባለቤቱ ሳይሰማው የምትሰማ። ያንቺን ባል ደም ጠጥቶ ነዋ የወፈረው፣ ዛሬ ልክ ልኩን ንገሪልኝ፣ ምን ይፈራል፣ ሰባተኛ ነሽ አይደል፣ በይው እስኪ።

በቀኟ ልጇ ናት። ልጇ ሬዲዮን በዓይኗ ዝም አሰኘቻት፣ ተማሪዎቿንም እንዲሁ ነው የምታደርጋቸው፣ አስተማሪ ናት፣ ድምፅ አታወጣም። እማዬ፣ ዝግ ብለሽ አንብቢው፣ ነጠላ ሰረዝ ጋ ስትደርሺ ተንፍሺ፣ ለአንቺ ብዬ ነው በትልልቁ የጻፍኩት። እሺ የኔ ልጅ። ሦስተኛውን አንቀጽ እንዳትዘይው። አልዘለውም።

ሦስተኛውን አንቀጽ ነው የማታነበው። ማንበብ አቅቷት አይደለም፣ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ መጽሐፏን ጠዋት ጠዋት ታነባለች። የተጻፈውማ ያምራል፣ እንደ ደብዳቤ ያምራል፣ «ዕጩ ተሿሚው በግል የጥብቅና ሥራቸው ወቅት ለባለቤቴ ሞት ምክንያት ለሆነው ድርጅት ጥብቅና በመቆም» ይላል፣ ይህ እውነት ነው፣ ቆሟል፣ ሦስት ዓመት ቆሟል። «ሟች የአፍ ጭምብል አያደርጉም ነበር በማለት የጥፋቱ ግማሽ በሟች ላይ እንዲወድቅ አስደርገዋል» ይላል፣ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ሦስተኛው። «የክሊኒኩን ዋና ማስረጃ በጥንቃቄ ጠብቄ በእጄ ለችሎቱ ባላቀርብ ኖሮ፣ ድርጅቱና ጠበቃው እውነቱን ቀብረውት ይቀሩ ነበር።»

በእጄ ለችሎቱ። ልጇ ከየት አመጣችው? ከእሷ ነዋ። ከደረቴ አወጣሁና ለዳኛው ሰጠሁት ብላ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነገረቻት እሷው ናት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ሳይቀር ታወራዋለች፣ እናቴ አራተኛ ክፍል ናት፣ ግን ወረቀት አያያዝ ታውቃለች። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ። አያያዝ! ወይ አያያዝ።

እንዲህ ነበር፣ አንድም ቀን ሙሉውን ለራሷ እንኳ አስባው አታውቅም፣ ከፍርድ ቤቱ ኮሪደር ስትደርስ ሐሳቧን ትመልሰዋለች፣ ዛሬ አልመለስ አላት። በር ላይ ያለው ጠባቂ ካባ ለለበሰው ሰው ስጪ አላት፣ ጥቁር ካባ። መዝገብ ቤቱ መስኮት አጠገብ አንድ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ቆሟል። ካባ የለበሰ ሁሉ ዳኛ ነው የሚመስላት። የክሊኒኩን ወረቀት ከደረቷ አወጣች፣ የልጇ አባት በጫማ ካርቶን ሲያስቀምጠው የኖረውን፣ ክብ ማኅተም ያለበትን፣ ሳንባው ተጎድቷልና ከማቅለሚያው ክፍል ይውጣ የሚለውን፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት የተጻፈውን፣ ማንም ያልፈጸመውን። ግልባጭ የለውም። የፋብሪካው ክሊኒክ መዝገባችን ጠፍቷል ብሏል። በሁለት እጇ ሰጠችው፣ እጅ እየነሳች።

ሰውየው አነበበው። ቆሞ አነበበው፣ ደገመው። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፣ የምሳ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጸሐፊዋ እንኳ ከመስኮቱ ወዲያ ጀርባዋን ሰጥታ ፋይል ትደረድራለች። ግልባጭ አለዎት? አላት። የለኝም ጌታዬ፣ ይሄው ብቻ ነው። ለማን እንደሰጡት ያውቃሉ? ለዳኛው። እናቴ፣ እኔ የፋብሪካው ጠበቃ ነኝ።

  ሟቹ ሞቶ፣ ልጇ ጎረቤት ቤት ተቀምጣ፣ ያላት ሁሉ ያ አንድ ወረቀት ነው፣ በገዛ እጇ፣ እጅ እየነሳች፣ ለባላጋራዋ።  እሱ ግን መስኮቱን አንኳኳ፣ ጸሐፊዋን ጠራ፣ ቅጂ አስነሳ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ፣ ቀን አስጻፈ፣ በከሳሽ በኩል የቀረበ ብለሽ መዝግቢ አላት፣ በከሳሽ በኩል፣ ዋናውን አጥፎ መለሰላት። ከእንግዲህ ዋናውን ለማንም አይስጡ። ለእኔም ቢሆን። በተለይ ለእኔ።

ከዚያ ችሎት ገባና ያንኑ ወረቀት ሲሟገተው ዋለ። እንደ ጠላት ሲሟገተው ዋለ! ሐኪሙ ልዩ ሐኪም አይደለም፣ ይውጣ ማለት አደጋ አለው ማለት አይደለም፣ ላብ እስኪወርደው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ እሷን አቆማት፣ ባለቤትዎ ጭምብሉን ያደርጉ ነበር? እጇ መጽሐፉ ላይ ነበር። ያፍነኛል ይል ነበር ሟቹ፣ ከእስትንፋሴ ጋር ይጣበቃል፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይመጣ ነበር። አንዳንዴ፣ አለች። እሷው አለች። ፍርዱ ግማሽ በግማሽ ሆነ።

አባቴን የራሱ ገዳይ አደረገው፣ ትላለች ልጇ። ጠይቆኝ ነው እንጂ ዋሽቶ አይደለም። አጣብቆሽ ነዋ እማዬ! ልጇ ስትቆጣ አባቷን ነው የምትመስለው፣ አፍንጫዋ ይነፋል፣ ትናንት ማታ ቤት ውስጥ እንዲሁ ሲሟገቱ ነው ያመሹት። እኔ ሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፣ አለቻት፣ የሌባውም የመነኩሴውም አንሶላ አንድ ማሽን ውስጥ ነው የሚገባው፣ አንድ ጊዜ በፖሊስ የሚጠበቅ ነፍሰ ገዳይ ተኝቶ ነበር፣ የእሱንም አጥቤያለሁ፣ ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? አንሶላ አፍ የለውም እማዬ። እሱ አፍ አለው። አፉን ነው ያከራያቸው።  እውነት አላት እኮ፣ ልጇ ብልህ ናት፣ አንሶላና ነገር አንድ አይደለም፣ ነገር ሲታጠብ ቆሻሻው ሰው ላይ ይፈሳል፣ በእሷም ላይ ፈሷል። ግን ያ ኮሪደርስ? ማንም አላየም። ቢያጥፈውና ኪሱ ቢከተው፣ እዚያው ቢቀድደው፣ እሷን ማን ያምናታል፣ ያበደች ባልቴት ነው የሚሏት። ጧት የፋብሪካውን እንጀራ እየበላ ያንን አደረገ፣ ከሰዓት ደግሞ ለፋብሪካው አንጀቱ እስኪገለበጥ ተከራከረ። ሁለቱም እሱ ነው። አንደኛውን አውጥቶ አንደኛውን መተው ምን የሚሉት ሚዛን ነው።

ስድስት! አለ ሰብሳቢው። ስድስተኛው አልመጡም። ሰባት።

እማዬ፣ ተራሽ ደረሰ።

በሐሰት አትመስክር ይላል፣ በጠላትህ ላይ ግን ይቻላል አይልም። ግን ልጄስ? ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሬዲዮ ፊት፣ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ወረቀት ለጠላቷ የሰጠች ጅል ሊላት፣ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ፣ የአስተማሪያችን እናት። ጌታዬ፣ አንተ አፌን ያዘው፣ ወይ ክፈተው። ስንት እርምጃ ነው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ ጫማዋ አይሰማም፣ ድምፅ ማጉያው ላይ ቀይ መብራት በራ።

አይዞዎት እናታችን፣ ይቅረቡ፣ ለእርስዎም አምስት ደቂቃ ነው፣ አለ ሰብሳቢው።

ወረቀቱን ዘረጋችው። አንደኛውን አንቀጽ አነበበች፣ ነጠላ ሰረዙ ጋ ተነፈሰች። ሁለተኛውን አነበበች፣ ጭምብሉ ጋ ድምጿ ወረደ። ሦስተኛው ጋ ደረሰች። ቆመች። ከኮሚቴው አንዷ ሴት ውሃ ላቀብልዎት? አለች። አይ ልጄ፣ አልጠማኝም፣ ይሄ እውነት ስላልሆነ ነው። የጻፈችው ልጄ አልዋሸችም፣ እኔ ነኝ የዋሸኋት። ያንን ወረቀት ለዳኛ አልሰጠሁትም፣ ለእሳቸው ነው የሰጠሁት፣ ለተከሳሹ ጠበቃ፣ ካባ አሳስቶኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይሳቅ። ተናገረችው፣ መስኮቱን፣ ቅጂውን፣ ማኅተሙን፣ በከሳሽ በኩል የሚለውን፣ በተለይ ለእኔ የሚለውን።

አንደኛው የኮሚቴ አባል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ያለው፣ ጣልቃ ገባ፣ እናቴ፣ ይህ እኮ ግዴታቸው ነው፣ ሰው አልሰረቀም ተብሎ ይመሰገናል እንዴ?

ልጄ፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የሐኪሞቹ ጋዋን ኪስ ውስጥ ብዙ ነገር ይረሳል። መመለስ ግዴታ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስንቱ እንደመለሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሳቁ አሁን ሌላ ዓይነት ነው። እንግዲያው ሹመቱን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ? አለ ሰብሳቢው። መደገፍ፣ መቃወም፣ እሷ ማን ናት። እኔ የማውቀው፣ አለች፣ እኚህ ሰው ሦስት ዓመት ከእኔ በተቃራኒ ቆመዋል፣ አቋቋማቸውን አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አንበርክከውኛል፣ አንድም ጊዜ አላታለሉኝም። እስከዛሬ የቆሙላቸው ሰዎች ተጠቅመውባቸዋል። ደሃው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው በእሱ ወገን ቢቆምለት ምን አለበት? ይኸው ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሬዲዮ አፏን ከፍታ ቀርታለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ቀድሟታል። ልጇ አታያትም። ወለሉን ነው የምታየው፣ አፍንጫዋ ተነፍቷል። ለምን አልነገርሽኝም፣ አለች በሹክሹክታ። አፍሬ። አስራ ዘጠኝ ዓመት? አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንቺ ጎበዝ ናት ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር።  ለጠላታችን? ለጠላታችን። በሁለት እጅሽ? በሁለት እጄ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እናቷ ልትለየው አልቻለችም፣ ልጅቷም የለየችው አይመስልም።

ሰብሳቢው ወደ ትንሹ ጠረጴዛ ዞረ። ያስታውሱታል? በዚህ አጋጣሚ ማብራሪያ ካለዎት።

አሁን ይመሰገናል፣ አለች በልቧ፣ ይገባዋል፣ አዎ ያን ዕለት ብሎ ይጀምራል፣ ማን ይከለክለዋል። ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ እሷ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ፣ ፊቷን የሚፈልገው ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር አላስታውሰውም፣ አለ። በካባው የሚሳሳት ሰው ብዙ ነበር፣ ወረቀት የሰጠኝ ሰው ብዙ ነው፣ የእሳቸውን ለይቼ አላስታውስም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።  ጭምብሉን ግን አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ያሉኝን አስታውሳለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ዛሬም ቢሆን እጠይቅ ነበር። ግን አልረሳሁትም።

 ረስቶታል፣ እሷ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመችውን እሱ ረስቶታል፣ ብዙ ነው አለ፣ ብዙ፣ ስንቷ ባልቴት ናት በዚያ መስኮት ያለፈችው፣ የመለሰው ወረቀት ከእጁ ወድቆበታል፣ የወጋበት ጥያቄ እጁ ላይ ቀርቷል፣ አምላኬ፣ እንዲህም ያለ ሰው ፈጥረሃል፣ ለፋብሪካም ይቁም ለማን...

እማዬ፣ አለች ልጇ።

አቤት።

እኔ አሁንም አልወደውም።

ውደጂው አላልኩሽም እናቴ። እዪው ብቻ።

ስምንት፣ አለ ሰብሳቢው፣ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር እየጎተተ ተነሳ፣ ልጇ ግን ቀና አለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ያላየችውን ሰው፣ ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚጽፈውን፣ አየችው፣ ዓይኗንም ቶሎ አልመለሰችውም።