የጉታ አባት ስም

«የባለቤትሽ ሙሉ ስም?»

«ጉታ።»

«ሙሉ ነው ያልኩሽ።»

ላሊሴ የያዘችውን የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ከስፌት መኪናው መርፌ ስር አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች። ያኔት ግን በዚህ የምትታለፍ ሰው አይደለችም። ዓለም ገና ካለችው የላሊሴ ስፌት ቤት ጎን ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ፣ በርጩማ ስባ፣ የኤምባሲ ቆንስል ሆና ተቀምጣለች። ላሊሴ ማክሰኞ ለቪዛ ኢንተርቪው ትቀርባለች። ጉታም ለዚሁ ብሎ ከሚኒሶታ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፤ አሁን በሩ ላይ ቆሞ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ጉታ ማን?» አለች ያኔት። «እዚህ ሰፈር ብቻ አራት ጉታ አውቃለሁ። የትኛውን ነው ያገባሽው?»

«እሱን» አለች ላሊሴ፣ በአገጯ ወደ በሩ እያሳየች።

ጉታ ሳቀ። ያኔት አልሳቀችም።

«ቆንስሉ አገጭሽን አይመዘግብም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነ ጉታ ቤተሰብ ምራት የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም። እኛ ኦቦ ዋቆ ብንላቸው ግድ የለም፤ ምራታቸው አይደለንም። ላሊሴ ግን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «አባዬ» ከማለት ሌላ አታውቅም። ታዲያ የአገራችን ሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም አይደል? የገዛ ባሏን ሙሉ ስም መጥራት አትችልም ማለት ነው። ጋብቻቸው ሲመዘገብ ጸሐፊዋ ስትጠይቃት ጉታ ፈጥኖ መለሰላት፤ ሁሉም ሳቀ፤ በዚያው አለፈ። ከዚያ ጉታ ሄደ፤ ሁለት ዓመት በስልክ ተቃጠሉ። የፖሊስ ክሊራንስ አለ፣ የሕክምና ምርመራ አለ፣ የሠርጉ ፎቶ አለ፤ ይሄ ግን የማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

«የአክስቴ ልጅ የባሏን የትውልድ ቀን ስለተሳሳተች ስንት ወር እንዳጉላሏት ታውቂያለሽ» አለች ያኔት። «አንቺ ጭራሽ ስሙን አላውቅም ልትዪ ነው?»

«አውቀዋለሁ።»

«በይው ታዲያ።»

«አልችልም።»

ጉታ ቆሎውን ኪሱ ከቶ ገባ። «ላሊ፣ አባዬ እኮ ሱሉልታ ናቸው። እዚህ ማን ይሰማሻል? አንዴ በይው፣ ይልቀቅልሽ።»

ላሊሴ አፏን ከፈተች። ፊቷ ቀላ፤ መልሳ ዘጋችው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አንተ ሳትኖር እንደ ባዕድ ያልቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ተደብቄ ስማቸውን ጠርቼ ደግሞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ለጉታ ሌላ ሁለት ዓመት ታየው፤ እሱ እዚያ በፈረቃ፣ እሷ እዚህ በስልክ። ያስፈራል።

«እንግዲያው ሄዳችሁ አስፈቅዱ» አለች ያኔት፣ በርጩማውን ወደ ቦታው እየመለሰች። «ተደብቃ ካልሆነላት በግልጽ ይሁንላት።»

በማግስቱ እሑድ በጠዋት ተነሱ። ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የሱሉልታ ሚኒባስ። የአገሩ ልጅ ጉታ ነው፤ መንገዱን የምትመራው ግን ላሊሴ ናት። የቱ ጋ ሰልፉ እንደሚያጥር፣ የቱ ጋ መውረድ እንደሚሻል ታውቃለች። ሱሉልታ ሲወርዱ አንዲት ባለሱቅ ገና ከሩቅ አይታት፣ «ላሊሴ፣ ዛሬ ለአባባ ስኳር አትወስጂም?» አለቻት። ጉታን ቀና ብላም አላየችው። ጉታ ትንሽ ቀና፤ ግን ደስም አለው።

ኦቦ ዋቆን ያገኟቸው ከድርቆሽ ክምሩ ላይ ለላሞቻቸው ሲመዙ ነው። ከላይ እስከ ታች ድርቆሽ ለብሰዋል።

«አካም ጅርቱ ልጆቼ» አሉና ሁለቱንም አገላብጠው ሳሙ። «በሰላም ነው? እናንተ እኮ ዛሬ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምታጠኑበት ቀን ነው።»

ጉታ ዙሪያውን ሲዞር ቆየ። ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ብርዱ አወራ፣ በኋላ ሌላ መላ ሲያጣ አፈረጠው። ላሊሴ መሬት መሬቱን ታያለች። ኦቦ ዋቆ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ድርቆሻቸው ዞሩ። ላሊሴ የተቀየሟት መሰላት።

«እነዚያ ሰዎች የእኔ ስም ምን ይሠራላቸዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«በእውነት ባልና ሚስት መሆናችንን ሊያጣሩ ነው፣ አባ።»

«ሚስትህ ስለሆነች እኮ ነው የማትጠራኝ! ባትሆንማ እንደ መንገደኛው ሁሉ ዋቆ ትለኝ አልነበር?»

«ይህን ለነሱ ማን ያስረዳልናል?» አለ ጉታ።

ሽማግሌው ከልብሳቸው ላይ ድርቆሹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ጥቂት አሰቡ።

«ታላቅ እህቴ ዱርሲቱ ነበረች በስሜ የምትጠራኝ» አሉ። «ከዚያ ማዶ ሆና ዋቆ ስትል ላሞቹ ሁሉ ቀና ይሉ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ለልጁ አባባ ነኝ፣ ለጎረቤቱ ኦቦ ነኝ። ስሜን የምሰማው ባንክ ስሄድ ነው፤ እሱም በማይክሮፎን።» ሳቅ አሉና ወደ ላሊሴ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ግን አፍ በባዶ እጅ አይከፈትም፤ ወጉ አይደለም። ያቺ ጊደር ያንቺ ናት።»

ከበረቱ ጥግ የቆመችው ቡሬ ጊደር ጉዳዩ እሷን እንደማይመለከት ሁሉ ታመሰኳለች።

«አባዬ፣ ጊደር በአውሮፕላን አይጫንም» አለች ላሊሴ፣ እየሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«እኔ ዘንድ ትቆይልሻለች። ወተቷ ለእኔ፣ ጥጃዋ ላንቺ። ጥጃዋን ለማየት አትመጪም? እኔ የምፈልገው እሱን ነው። በይ አሁን ሞክሪው።»

ሞከረች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከንፈሯን ገጠመች። አንድም ድምፅ አልወጣትም። ፊታቸው ቆማ እንዴት ይውጣት? ጉታ ራሱን ያዘ።

«ተዋት፣ አታስጨንቃት» አሉ ኦቦ ዋቆ። «እዚያ ስትደርስ ይወጣታል። ካልወጣትም ስሙ የተከለከለው የእኔ ነውና እኔን ጥሩኝ፤ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

ማክሰኞ ኤምባሲው በር ላይ ስልካቸውን ከአንዲት ሱቅ አስቀምጠው ገቡ። ጉታ ወንበር ላይ ቀረ፤ ላሊሴ ተራዋ ደርሶ ከመስተዋቱ ፊት ቆመች። ከመስተዋቱ ወዲያ አንድ ወጣት ፈረንጅና አንዲት አስተርጓሚ አሉ። ላሊሴ በልቧ ጊደሯን አሰበች፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

«የባለቤትሽን ሙሉ ስም ንገሪን» አለች አስተርጓሚዋ።

ላሊሴ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ ወደ ራሷ አወጣችና ግንባሯ ድረስ ሸፈነች። አንገቷን ደፋች።

«ጉታ» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። «ጉታ ዋቆ።»

ወጣቱ ለአስተርጓሚዋ አንድ ነገር አላት።

«ለምን ተሸፈንሽ ነው የሚልሽ።»

«የአማቴ ስም ስለሆነ ነው። በእኛ ወግ አይጠራም። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እስከ ዛሬ ምን ስትዪአቸው ኖርሽ?»

«አባዬ።»

«ዛሬ ስትጠሪያቸውስ ምን ተሰማሽ?»

ላሊሴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከያኔት ጋር አላጠናችም። «ፈቅደውልኛል» አለች፣ «ግን ደነገጥኩ። ጊደርም ሰጥተውኛል።»

አስተርጓሚዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወጣቱ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ስፌት ቤቷ፣ ጉታ እንጀራ ጋግሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ጋግሮ እንደማያውቅ፣ አንዴ ሞክሮ እንዳቃጠለ ነገረችው። በመጨረሻ ሰነዶቿን መልሶ ፓስፖርቷን እዚያው አስቀረው። ፓስፖርት ከቀረ ቪዛው ተፈቀደ ማለት እንደሆነ ኤምባሲ ደጅ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ጉታ ከያዘቻቸው ሰነዶች መሐል ፓስፖርቷን ሲያጣ ከወንበሩ ተነሳና ሰው ፊት አቀፋት። ላሊሴም አላፈረችም።

ስልካቸውን ሊቀበሉ ሱቋ ጋ ሲደርሱ የላሊሴ ስልክ ይጠራ ነበር። «አባዬ» ይላል።

«ጠየቁሽ?» አሉ ኦቦ ዋቆ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ጠየቁኝ፣ አባዬ።»

«ጠራሽኝ?»

«ጠራሁዎት። አለፍኩ፤ ፓስፖርቴን አስቀሩት።»

ሽማግሌው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እንግዲህ ልትሄጂ ነዋ» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ ቀልዳቸው ተመለሱ። «ግን ፍርድ አይደለም። ስሜን ፈረንጁ ሰማ፣ አስተርጓሚዋ ሰማች፣ ባለቤቱ እኔ አልሰማሁ።»

ላሊሴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። ማንም አያስገድዳትም አሁን። ጉዳዩ አልቋል፤ «ኧረ አባዬ» ብላ ብታልፈው እሳቸውም ስቀው ይተዉታል፣ ወጉም እንደተከበረ ይቆያል። ዱርሲቱ ትዝ አለቻት። ጉታ የታክሲ ወረፋ እያሳያት እጇን ሲስባት ቆይ አለችው።

መንገዱ ዳር፣ መኪናውና ሰው በሚተራመስበት፣ ነጠላዋን ወደ ራሷ አወጣች።

«ዋቆ» አለች።

ከወዲያ ምንም አልተሰማም። ስልኩ የተቋረጠ መሰላትና ከጆሮዋ ልታነሳው ስትል የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«አቤት» አሉ።