ተምች ያልነካው የጋሽ ታምሩ በቆሎ

እናቴ የጋሽ ታምሩን በቆሎ በገጀራ ጨፈጨፈችው። ማሳውን በሙሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ወደ አማን ገበያ እየወረደ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየ። ከመጀመሪያው ልጀምር ብዬ ነበር፣ ግን ይሄን ሳላወጣው ሌላው አልመጣልኝም።

እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው። ሜሪ እባላለሁ፣ ቤታችን ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጋሽ ታምሩ ጎረቤታችን ነው። የእሱን ማሳ ከእኛ የሚለየው ኮረሪማ የተተከለበት ድንበር ብቻ ነው። ልጁ ኤፍሬም ቴፒ በኩል አንድ የሙከራ እርሻ ላይ ቀን ሥራ ይሠራ ነበር። አዎ፣ ቆንጆ ነው፣ ታሪኩ ግን ስለሱ አይደለም። እዚያ እርሻ ላይ ተምች የማይበላው በቆሎ አለ፣ ዘረመሉ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀየረ። ኤፍሬም ሆዬ ከዚያ ዘር በካልሲው ደብቆ አመጣ። አምና ጓሮ ዘርተው አባዙት፣ ዘንድሮ ማሳውን ሞላው።

እኛ ሰፈር ደግሞ በቆሎ የሚዘራው በደቦ ነው። ጠዋት የአንዱን፣ ከሰዓት የሌላውን። ስለዚህ የጋሽ ታምሩን ዘር የዘራነው እኔና እማዬ ነን፣ በገዛ እጃችን። እማዬ ፍሬው ቢጫ መሆኑን አይታ "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ስትለው "ከገበያ" አላት። በቃ፣ አመነችው።

ከዚያ ተምች መጣ። የእኛ በቆሎ ወንፊት ሆነ። የእሱ ግን ለምለም ነው፣ አንድ ቅጠል አልተነካም። እማዬ መርጫውን አዝላ መድኃኒት መርጨት ጀመረች፣ ያለ ጓንት፣ አፏን በነጠላ ሸፍና። እጇ ተላላጠ። ማታ ማታ ታስታውካለች። "ተይው" ስላት "ምን ልንበላ ነው?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ጋሽ ታምሩ የሞቱ ንቦች በቆርቆሮ አፍሶ ድንበሩ ላይ መጣ።

"ዓለምሸት፣ ንቦቼን ፈጀሻቸው" አላት እማዬን።

"ንቦችህን ማን ኑ አላቸው? ድንበር አስተምራቸዋ።"

"መርዝ እየረጨሽ!"

"የምረጨው ትል ስለበላኝ ነው። ያንተን ለምን አይበላውም? ጸልየህበት ነው?"

አብሮት የመጣው ኤፍሬም ያበረደ መስሎት ሁሉን ዘከዘከው። ካልሲውን ሳይቀር።

"እትዬ ዓለምሸት፣ ተምቹን ነው እንጂ ሰው አይጎዳም" አላት።

"ማን አለ?"

"እየተመረመረ ነው። ገና ፈቃድ አልወጣለትም።"

"እየተመረመረ ነው? በማን ላይ ነው የሚመረመረው፣ በእኔና በልጄ ላይ?"

 እውነቷን ነው፣ እሸቱን ለእኛም ሰጥተውን በልተናል። እኔማ ደግሜ ነው የበላሁት። ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ይጣፍጥ ነበር፣ ይሄን ግን እማዬ ፊት አልተነፍስም።

እስከዚህ ድረስ ስድብ ብቻ ነበር። ገጀራው የመጣው ለዘር የሚሆነውን ልንመርጥ የራሳችንን በቆሎ ስንገልጥ ነው። የእኛ ዘር እማዬ ስታገባ ከሸኮ ይዛው የመጣችው ነው፣ እንደ ወተት ጥርስ ነጭ። በየዓመቱ መርጣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች። አንዱን ስትገልጥ ነጩ መሀል ቢጫ ፍሬ ተሰክቷል። ሌላውንም ገለጠች፣ ቢጫ።  ገጀራውን አንስታ ወጣች።

በኋላ ኤፍሬም እንዳስረዳኝ የአበባው ብናኝ በነፋስ ነው የመጣው። በደቦ በአንድ ቀን ስለዘራን ሁለቱም በአንድ ጊዜ አበቡ። ቀኑን አራርቀን ዘርተን ቢሆን ኖሮ አይደባለቅም ነበር። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ተጋግዘን ነው የተበላሸነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰውዬ፣ "ይቅር ተባባሉ" አለ።

"መጀመሪያ ንቦቼን ታስነሳልኝ" አለ ጋሽ ታምሩ።

"አንተ መጀመሪያ ከዘሬ ውስጥ የልጅህን ቢጫ ለቅመህ አውጣ" አለች እማዬ።

"እኔ ዘር ነው ያመጣሁት፣ አንቺ ያመጣሽው ገጀራ ነው።"

"ሌባ ያሳደገ አፍ አለው ደግሞ።"

ጋሽ ኃይለሚካኤል ከዘራውን አነሳ። "እናንተን ከማስታረቅ ጦጣና እሸትን ማስታረቅ ይቀላል" ብሎ ሄደ። አሁን አንተያይም። በመንገድ ስንገናኝ ጋሽ ታምሩ ይተፋል፣ እማዬም መልሳ ትተፋለች።

ዛሬ እማዬ ለዘር የተመረጠውን በቆሎ ሁሉ ሰጠችኝ። "ቢጫውን ልቀሚና እሳት ውስጥ ጨምሪ። ለዶሮ እንኳን እንዳትሰጪ" አለችኝ። ኩሽና በር ላይ ቁጭ ብዬ ስለቅም ኤፍሬም ከኮረሪማው ኋላ ብቅ አለ።

"ሜሪ፣ አታቃጥያቸው። ጓሮ ለብቻ ዝሪያቸው፣ ከሌላው ዘግይተሽ። አብዛኞቹን ተምች አይነካቸውም። እናትሽ መርጨት ታቆማለች።"

"እና ምን ልበላት? ሳታውቅ ላብላት?"

"በዚያ መርዝ ከምትሞት።"

"አንተም ለአባትህ እንዲህ ብለህ ነው ያመጣኸው። አሁን ማሳ የለው፣ ንብ የለው።"

"እኔ ክፉ አስቤ አይደለም።"

"ሂድ ከዚህ፣ እናቴ ሳታይህ።"

ሄደ። ጌታን፣ ልቤ ይመታ ነበር፣ ግማሹ በንዴት ነው።

አሁን ቢጫዎቹ ቀሚሴ ላይ ናቸው። እማዬ ውስጥ ሆና "ጨረስሽ?" ትላለች። ምሳ ስትበላ አየኋት፣ መድኃኒቱ ያቆሰለው ጣቷ ገና ስላልዳነ ጎደሬውን መላጥ አልቻለችም፣ እኔ ነኝ የላጥኩላት። ለሚቀጥለው ዘርም መድኃኒቱን ገዝታ አልጋ ሥር አስቀምጣለች። ባቃጥላቸው እሷ ትረጫለች። ብዘራቸው ያልተመረመረ ነገር እየዋሸሁ ላበላት ነው፣ ከሸኮ ያመጣችው ዘርም ተደባልቆ በእኔ እጅ ሊያልቅ ይችላል። ብነግራት ገጀራው አለ። ምድጃው ነዷል፣ ደግማ ጠራችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?