ምራቂ የመሰለው ጥቅል

ሚናስን በዚያች ሰዓት ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ቢጠና ከተማ ያለውን የግል ክሊኒክ ሰርቨር፣ የሕሙማኑ ፋይል የሚቀመጥበትን ማሽን፣ የምናድሰው እኔና እሱ ነን። እዚያ ኢንተርኔት ስለማይታመን አዲሱን የሊኑክስ ከርነል ከሶዶ አውርዶ በፍላሽ ያመጣው እሱ ነው። ከርነል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ አዘጋጆቹ ግን ከፋፍለው ነው የሚያሽጉት። ዋናው ለብቻ፣ ከየዕቃው ጋር የሚያግባቡት ሞጁሎች ለብቻ፣ «ተጨማሪ» የተባሉት ሞጁሎች ደግሞ ለብቻ። ሚናስ ተጨማሪውን እንደ ገበያ ምራቂ ቆጥሮ ትቶት መጣ። የኔትወርክ ካርዱ ሞጁል ያለው እዚያ ውስጥ ነበር!

ማሽኑ ተነሳ፤ ኔትወርኩ ሞተ። በዚህ መሃል አዛለችን በቃሬዛ አስገቧት። ነፍሰ ጡር ናት፤ አንቀጥቅጧት ራሷን ስታለች። ዶክተር ናዲያ ከግቢው ማዶ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ጮኸች።

«ፋይሏ አልከፈት አለ! የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ?»

ባሏ ጦና በራችን ላይ ቆሟል። «ባለፈው ወሊድ አንድ መርፌ ወግተው ጉሮሮዋ አበጠ። የመድኃኒቱን ስም አላውቅም።»

«በአሮጌው ከርነል አስነሳው» አልኩት ሚናስን።

«ቦታ ጠቦኝ... አጥፍቼዋለሁ።»

ያኔ ፈራሁ። የስልክ ዳታም የለም፤ ሶዶ ደርሶ መመለስ ደግሞ ለአዛለች አይደርስላትም።

አባቴ ሀብተየስ ከጉራጌ መጥቶ ሶዶ ላይ የነገደ ሰው ነው። ለቢጠና ገበያ የጫነበት መኪና ጭቃ ሲይዘው ቆሞ አያለቅስም፤ ዕቃውን አውርዶ በሰው ትከሻ ያሻግረዋል። ይሄ ትዝ ሲለኝ ራሴን ታዘብኩት። የተቆረጠው መንገዱ እንጂ ዕቃው አልጠፋም፤ ፋይሏ እዚሁ ማሽን ውስጥ ነው።

ሚናስን ገፍቼ ሰርቨሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስሟን እየሳትኩ፣ እያጠፋሁ ጻፍኩ። ፋይሏ ወጣ፤ የማይስማማት አምፒሲሊን ነው።

«አምፒሲሊን እንዳትሰጧት በላቸው! ሩጥ!»

ጦና «አምፒሲሊን አትስጡ፣ አምፒሲሊን አትስጡ» እያለ ግቢውን ሰንጥቆ በረረ። እኔና ሚናስ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ከማዶ ምንም አይሰማም።

በኋላ ዶክተር ናዲያ ላቧን እየጠረገች መጣች። አምፒሲሊን የተሞላ መርፌ ጠረጴዛችን ላይ አኖረች።

«ከዚህ በላይ መጠበቅ ስላልቻልኩ ይሄን ልወጋት ነበር» አለች። «እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ሚናስ መርፌውን አየ። ከዚያ ፍላሹን ነቅሎ፣ የተወውን ጥቅል ሊያመጣ ወደ ሶዶ ሚኒባስ ሄደ። እኔም ስንቅ ያህል ያዘጋጀሁለትን ስድብ ዋጥኩት።