የክንፈሚካኤል ምስክር

ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም ውስጥ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል መሥራት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። የትኛው ገበሬ ማኅደር በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ከመቀመጫው ሳይነሣ ይናገራል። ሰው ግን ይከብደዋል። ሰላም ሲሉት የሰው ዓይን አያይም። ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። አንገትጌው የሚቆረቁር ሸሚዝ የለበሰ ዕለት ሥራ አይሆንለትም። አንዳንዱ ኩሩ፣ አንዳንዱ ደረቅ ይለዋል። እሱ ደግሞ በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜው፣ ሰው ሁሉ የተማረው አንድ ትምህርት እሱን ብቻ ያመለጠው ይመስለው ነበር።

ነገር የከረረው አባቱ ባረፉ ጊዜ ነው። ቡሬ አጠገብ ባለው መንደራቸው ለቅሶው ሲጋጋል፣ ክንፈሚካኤል አንዲት እንባ ሳይወጣው ጓሮ ገብቶ የተበተነ ማገዶ በየውፍረቱ ሲደረድር ዋለ። ታላቅ ወንድሙ ገደፋው አይቶት፣ የአባቱን ሬሳ አስቀምጦ እንጨት የሚለቅም ወንድም የለኝም አለ፣ በሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩም።

ሚስቱ ፍሬሕይወት መምህርት ናት። በአንድ ክረምት ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሠልጥና ስትመለስ፣ ስለ ኦቲዝም የተጻፈ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።  ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሦስተኛውንም ጀመረ። የተጻፈው ስለ ሕፃናት ነው፤ እሱ ግን የገዛ ልጅነቱን አገኘበት።

ሆስፒታል ለመሄድ አራት ወር ፈጀበት። ባለጉዳይ ገበሬ የአእምሮ ሕክምናው በር ላይ ቢያየው አበደ ይሉኛል ብሎ ፈራ። በመጨረሻ ገባ። በወር አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የምትመጣው ሐኪም ንጋት ብዙ ጠየቀችው፤ እየኝ ብላ አላስጨነቀችውም፣ ጠረጴዛውን እያየ መለሰላት። በአዋቂ ሰው ላይ ቶሎ መፍረድ እንደማይቻል፣ ልጅነቱን የሚያውቅ ሰው ይዞ እንዲመጣ ነገረችው።

ያን የሚያውቅ ከእናቱ በቀር አልነበረም። ቅዳሜ በሚኒባስ ቡሬ ወርዶ በእግሩ መንደር ገባ። እናቱ እማማ ወለተጊዮርጊስ ሐኪሟ ያለችውን ነግሯቸው እስኪጨርስ ሰሙት።

"ሊያስሩህ ነው?" አሉ።

"አይደለም፣ እማ። ማን እንደሆንሁ ሊነግሩኝ ነው።"

"እሱንማ እኔ አውቀው የለ" አሉና ነጠላቸውን አነሡ።

ሐኪሟ ፊት ሲቀርቡ አልተቆጠቡም። አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው፤ ከፈታ ወዲያ ግን የመንደሩን ከብት ሁሉ የእያንዳንዱን እናት እየጠራ ይቆጥር ነበር። ግሽ ዓባይ ጠበል ወሰዱት፤ ቅዝቃዜው ሲነካው ትንፋሹ እስኪቆረጥ ሲጮኽ አንጀታቸው አልችል ብሎ ይዘውት ተመለሱ። ከዚያም ክንፈሚካኤል ሰምቶት የማያውቀውን ተናገሩ።

"ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ አባቱ 'ይኸ ልጅ ተጨነቀ፣ ላናፍሰው' ብለው እጁን ይዘው ይወጡ ነበር። ሰው ለልጁ ሲሉ ነው ይላል። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ልጄ። የሚሸሹት እሳቸው ነበሩ።"

ክንፈሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "የማን ሠርግ ላይ?" ሲል ጠየቀ። እናቱ አንድ በአንድ ዘረዘሩለት፤ እሱም አንዱንም ሳያሳልፍ ሰማ።

እማማ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ሐኪሟን ጠየቋት። እሷም የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ አብሮት የተፈጠረ እንጂ የያዘው ነገር እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ላይ ቁርጡን ነገረችው፤ ኦቲዝም ነው። ደስታም ኀዘንም አልመጣለትም። ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ተኛ። ፍሬሕይወት እንዲህ ያለ እንቅልፍ ሲተኛ አይታው አታውቅም።

ለገደፋው የነገሩት እናታቸው ናቸው። ገደፋውም ሳይልክ ሳይጠራ አንድ እሑድ ፍኖተ ሰላም መጣና የወንድሙ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

"አባባን ትወዳቸው ነበር?" አለው።

"እወዳቸው ነበር። የዚያን ቀን እጄ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው እንጨት የደረደርሁት።"

ገደፋው ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልገባውም፤ ገባኝም አላለም። ሲነሣ ብቻ፣ ለአባታቸው ሁለተኛ ሙት ዓመት ሰው ሳይበዛ በጠዋት እንዲመጣ ነገረው።

ክንፈሚካኤልና ፍሬሕይወት በዕለቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ደረሱ። መቃብሩ ላይ ቆመው ጸለዩ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር እህል ቀመሱ፤ እንግዳው መግባት ሲጀምር ተሰናብተው ወጡ። አንድ ጎረቤት ዛሬም ሳይቀመጥ ሄደ ብሎ አጉረመረመ።

"ተቀምጧል" አለ ገደፋው፤ "እናንተ ሳትመጡ ነው የመጣው።"